ድር የማታደራዋ ሸረሪት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ ማን አለ? በደቦ ይነገራል፤ በዕድር ይነገራል፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ ይነገራል። ባለፈው ሳምንት የ«ሸ»ን ቤት ስናስነብብ «ሸረሪት» የሚለው ቃል መጣ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተረቱን ጣል አደረጉት። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«መምህር፣ በእኔ ማሳ የምትሮጠዋ ሸረሪት እኮ ድር የላትም። ጤፍ ሳጭድ ከነዶው ሥር ብድግ ብላ ትሮጣለች። ከኋላዋ ነጭ ነገር ትጎትታለች። እሷስ ሸረሪት አይደለችም?» አሉ።

ሸረሪት ናት። ደግሞም ከሸረሪት ሁሉ ለገበሬ ቅርብ የሆነችው እሷ ናት። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ የዚህን ሳምንት ገጽ ለእሷ ሰጥተናል። ሌላም ምክንያት አለን። እሱን ዝቅ ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ከዚያ ሳትደርሱ ወረቀቱን እንዳታጥፉት አደራ።

ድር የምታደራዋ ሸረሪት ቤቷ ከጣሪያ ሥር፣ ከማገር ማገር፣ ወይም ከቁጥቋጦ ላይ ነው። ወጥመዷን ዘርግታ ትቀመጣለች። ዝንብ እስኪገባላት ትጠብቃለች። የሜዳዋ ሸረሪት ግን ኑሮዋ መሬት ላይ ነው። ሣርና ግራር ባለበት ሜዳ፣ በግጦሽ መሬት፣ በጤፍና በሽንብራ ማሳ፣ በድንጋይ ካብ ሥር ትገኛለች። ቀለሟ አፈር ይመስላል። ቡናማ ወይም ግራጫ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ መስመር ይታያል። ዝም ብላ ከቆመች አጠገቧ ሆናችሁም አታዩዋትም። ስትሮጥ ነው የምትታየው።

ምግቧን የምታገኘው አድብታ፣ ወይም ሮጣ በመያዝ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች «ተኩላ ሸረሪት» ብለው ሰይመዋታል። ስሙ እንኳ ብዙም አልገጠመላትም። ተኩላ በመንጋ ያድናል፤ እሷ ብቻዋን ናት። ድመት ሸረሪት ብትባል ይሻል ነበር እንላለን።

ዓይነቷ ብዙ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ተመርምረው ስም የወጣላቸው ሸረሪቶች ከ50 ሺህ ዓይነት በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የእሷ ወገን የሆኑት ከ2 ሺህ 400 ይበልጣሉ። በአገራችንም የተለያዩ ዓይነቶች አሉ። ፒየትሮ ፓቬሲ የሚባል ጣሊያናዊ ከሸዋ የተሰበሰቡ ሸረሪቶችን መርምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883፣ በእኛ በ1875 ዓ.ም. ገደማ፣ ጽሑፍ አሳትሟል። ከእሱ በኋላ ኤዥን ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጅ በ1909 ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ሸረሪቶቹ በጠርሙስ ሆነው ባሕር ተሻግረዋል ማለት ነው። የእኛን ደጃፍ ሸረሪት ሌላው ቆጥሮ ሲጽፋት እኛ ስሟን እንኳ ለይተን አልጠራንም። ማንበብና መጻፍ ከያዝን ይህም ይቀየራል።

አሁን ወደ አካሏ እንምጣ። ፌንጣ፣ ንብና ጉንዳን እግራቸው 6 ነው። የሸረሪት እግር 8 ነው። ዓይኗም 8 ነው። እንደ እኛ ሁለት ዓይን ብቻ ያላት እንዳይመስላችሁ! ከፊት በታች አራት ትንንሽ ዓይኖች ተሰልፈዋል። ከእነሱ በላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ከእነዚያ ኋላ፣ አናቷ ላይ፣ ሌሎች ሁለት አሉ። ስለዚህ ፊቷንም ጎኗንም ኋላዋንም ታያለች። ከኋላ መጥታችሁ ልትይዟት ስትሉ የምታመልጣችሁ ለዚህ ነው።

እነዚህ ዓይኖች ሌላም ነገር አላቸው። የድመትና የጅብ ዓይን በጨለማ በመብራት ሲያበራ አይታችኋል። የእሷም እንዲሁ ያበራል። ማታ በማሳ ዳር ቁሙ። የእጅ ባትሪ አብሩና ከዓይናችሁ አጠገብ፣ ከጆሯችሁ በላይ ያዙት። ዝቅ አድርጋችሁ አትያዙት፤ ብርሃኑ ወደ እናንተ ዓይን አይመለስም። ከዚያ መሬት መሬቱን ተመልከቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ብልጭታ ታያላችሁ። መጀመሪያ ጤዛ ይመስላችኋል። ጤዛ ግን አይራመድም። ብልጭታው ፈቀቅ ካለ እሷ ናት።

አባታችን የጠየቁት ነጭ ነገርስ ምንድን ነው? እንቁላል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተካክል። ድር አታደራም ማለት ፈትል የላትም ማለት አይደለም። ትፈትላለች። ፈትሉ የሚወጣው ከሆዷ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ እንዝርት ናቸው በሉ። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ትንሽ ምንጣፍ ትፈትላለች። እንቁላሉን ምንጣፉ ላይ ትጥላለች። ከዚያ ላዩን ትሸፍንና ዳር ዳሩን ሰብስባ ድብልብል ታደርገዋለች። ልክ ሴት ልጅ ጥጥ በነጠላ ጫፍ እንደምትቋጥረው ነው። ድብልብሉን ከሆዷ ጫፍ ላይ ታስረዋለች። እየጎተተችው ታድናለች፤ እየጎተተችው ትተኛለች። በሰው እጅ ቢወሰድባት ዞራ ትፈልገዋለች። ጉድጓድ ቆፍረው ከሚኖሩት አንዳንዶቹ ወደ ጉድጓዳቸው አፍ እየወጡ እንቁላላቸውን ፀሐይ ያስመታሉ።

የሚፈለፈሉበት ቀን ሲደርስ እናቲቱ ቋጠሮውን በጥርሷ ትከፍታለች። ልጆቹ እግሯን እንደ መሰላል ይዘው ይወጡና ጀርባዋ ላይ ይደረደራሉ። አንድ ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እዚያው ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ ምንም አይበሉም፤ ከእንቁላሉ የተረፋቸው ስንቅ በሆዳቸው አለ። አንዱ ቢወድቅ ሮጦ ተመልሶ ይወጣል። አንቀልባ የላትም እንጂ ታዝላለች ማለት ነው። በእስያ በሩዝ ማሳ የምትኖረዋ ዓይነት ከ60 እስከ 80 ልጅ በአንድ ጊዜ ታዝላለች። ይህን ስናነብላቸው አንዲት እናት፣ «እኛ አንድ አዝለን ወገባችን ይቆረጣል፤ እሷ ምን ዓይነት ወገብ ቢሰጣት ነው!» አሉን። ማታ በባትሪ እንዲህ ያለችውን ካገኛችሁ ጀርባዋ ሙሉ እንደ ኮከብ ሲያበራ ታያላችሁ። የልጆቹም ዓይን ያበራልና።

ወደ ማሳው እንመለስ። የማክሰኝት ዙሪያ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ ይህን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ቀን የሚደበቅ ብዙ ነገር አለ። የጤፍ ቀይ ትል ቀን በስንጥቅ ይደበቃል፤ ማታ ወጥቶ ይበላል። ሸረሪቷም ቀን በስንጥቅ ትውላለች፤ ማታ ወጥታ ታድናለች። ሌባውም ዘበኛውም አንድ ቤት ያድራሉ እንደማለት ነው።

ያገኘችውን ትንሽ ነፍሳት ትይዛለች። ፌንጣ፣ የእሳት ራት፣ ክሽክሽ፣ ቅጠል የሚመጥ ተባይ፣ ትንንሽ ትል፣ ሌላም። ትነክሰውና መርዟን ትለቅበታለች። መርዙ ይገድለዋል። ከዚያ ከአፏ ፈሳሽ ታፈስበታለች፤ ሥጋው ይሟሟል፤ እሷም ትመጠዋለች። የሚቀረው ልጣጩ ነው።

በቀን ስንት ትበላለች? በእስያ በሩዝ ማሳ የምትኖረዋ ዘመድዋ በቀን ከ5 እስከ 15 ተባይ እንደምትበላ ተቆጥሯል። እስቲ ስሌት የተማራችሁ እርሳስ ያዙ። በአንድ ማሳ ውስጥ 100 ሸረሪት አሉ እንበል። እያንዳንዷ በቀን 5 ብቻ ትብላ። 100 በ5 ሲባዛ 500 ነው። በ30 ቀን 500 በ30 ሲባዛ 15 ሺህ ይሆናል። ደመወዝ የማይከፈለው፣ ምሳ የማይወሰድለት ዘበኛ ነው ይህ። የዓለም ሸረሪቶች ሁሉ ተደምረው በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን ነፍሳት እንደሚበሉ በፈረንጅ በ2017 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች አስልተው ጽፈዋል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ወደ ኩንታል ቀይሩትና ዜሮውን ቁጠሩት።

ነገር ግን እንዳናጋንን። እሷ የምትበላው የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም ነው፤ ለይታ አታውቅም። የራሷን ወገንም ትበላለች፤ ወንዱ ሊቀርባት ሲመጣ እግሩን መሬት ላይ እየመታ ከሩቅ ምልክት የሚሰጠው ምሳዋ እንዳይሆን ነው። ተምች በመንጋ ሲመጣ ወይም በ2012 ዓ.ም. አገራችን ላይ እንደወረደው ያለ አንበጣ ሲመጣ እሷ ምንም አታደርግም። የእሷ ሥራ የተባዩ ቁጥር ከመጀመሪያው እንዳይበዛ ማድረግ ነው። ሥራዋ የሚታወቀው ስትጠፋ ነው።

ስትጠፋ ምን እንደሚሆን በኢንዶኔዥያ ታይቷል። ኢንዶኔዥያ በእስያ ያለች፣ ሕዝቧ ሩዝ የሚበላ ትልቅ የደሴቶች አገር ናት። እዚያ አንዲት ትንሽ ቡናማ ተባይ የሩዙን አገዳ እየመጠጠች ማሳውን ታደርቅ ነበር። ገበሬው መድኃኒት ረጨ። ተባዩ ግን ባሰ። እንደገና ረጨ፤ እንደገና ባሰ። ነገሩ ሲጠና እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የተባዩ እንቁላል ያለው አገዳው ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ሸረሪቷና ሌሎቹ ተባይ በሎች ግን ውጭ ናቸው፤ እነሱ አለቁ። እንቁላሉ ሲፈለፈል ዘበኛ የሌለው ማሳ ጠበቀው። በፈረንጅ በ1986፣ በእኛ በ1979 ዓ.ም.፣ የአገሩ መንግሥት 57 ዓይነት መድኃኒት በሩዝ ማሳ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። ርጭቱ ቀነሰ። ምርቱ ግን አልቀነሰም።

ሩዝ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ የፎገራ ሜዳ ሩዝ አብቃይ ነው። በእኛ ማሳ ደግሞ ሽንብራ አለ። የሽንብራውን ፍሬ የሚበሳው ጓይ ትል ሲመጣ ሁሉም ገበያ ወርዶ መድኃኒት ይገዛል። አትርጩ አላልንም። ትሉ በዝቶ ሰብሉን ሊጨርስ ከሆነ ይረጫል እንጂ ምን ይደረጋል? ነገር ግን ጎረቤት ስለረጨ ብቻ አይረጭም። መጀመሪያ ማሳችሁ ውስጥ ግቡ። ቅጠሉን ግለጡ። ትሉን ቁጠሩ። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩና አሳዩ። በእጅ ተለቅሞ የሚያልቅ ከሆነ ይለቀም። ማላታይንም ይሁን ሌላው፣ ትሉን የሚገድል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ሸረሪቷንም ይገድላል። ትሉ ግን ከእሷ ይልቅ ቶሎ ይራባል።

በቻይና አንዳንድ አካባቢ ገበሬዎች በማሳ ውስጥ የጭድ እሥር እያኖሩ ለሸረሪቶች መጠለያ ይሠሩ ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ጭዱን ለከብቱ ይሻዋል፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን የወሰኑን ሣር ሙልጭ አድርጎ አለማቃጠል፣ የካቡን ድንጋይ አለማፍረስ ምንም ወጪ የለውም። እሷም ከዚያ ትጠለላለች።

አሁን ሌላውን ምክንያታችንን እንንገራችሁ።

ከትምህርት ጣቢያችን አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ቀሩ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ታሪኩን ግን «ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት» ብለውናል። ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ግንባራቸው በቀኝ በኩል፣ ከፀጉራቸው እስከ ዓይናቸው ሽፋን፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶበታል። ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል። «ሸረሪት ሸናችብኝ ልጆቼ» አሉን። «ማታ እንጨት ሳነሳ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ቅጠል ተወቅጦ ተለጥፎልኛል። ይድናል።» ቀኑን ብንቆጥረው ሽፍታው ከወጣ 8 ቀን ሆኖታል። ቤተሰባቸውን ለምነን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ከዚያ ወደ ጎንደር ተላኩ። አሁን ድነዋል። የቀኝ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው አያይም። ፊደሉን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ነው የሚያነቡት።

ይህ በሽታ ሕዝባችን «አልማዝ ባለጭራ» የሚለው ነው። ሸረሪት አላመጣችውም። ሸረሪት በሰው ላይ አትሸናም፤ ኩሷም ቆዳ አያቃጥልም። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሐዋስ ነው። ቫይረስ ይባላል። በልጅነታችን ጉድፍ የሚባለው፣ መላ ሰውነት ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው በሽታ ይዞን ያውቅ ይሆናል። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። በጀርባ አጥንት አጠገብና በራስ ቅል ውስጥ ባሉት የነርቭ ሥሮች ይተኛል። ነርቭ ማለት ሕመምንና ስሜትን የሚያደርስ ክር ነው። ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ሰው ሲያረጅ፣ ወይም የሰውነቱ የመከላከል ኃይል ሲደክም፣ ይነቃና በዚያው ክር መንገድ ወደ ቆዳ ይወጣል። ስለዚህ ነው ሽፍታው እንደ መቀነት በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣው። ወይ በቀኝ ነው፤ ወይ በግራ።

ብዙውን ጊዜ ከሽፍታው በፊት ሕመሙ ይቀድማል። ቦታው ለሁለት ሦስት ቀን ያቃጥላል፤ ይወጋል። ከዚያ ቆዳው ይቀላል፤ ውሃ ይቋጥራል። ሕመሙ ሽፍታው ከደረቀ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ።

መድኃኒት አለው። አሲክሎቪር የሚባል ኪኒን ነው። ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ከተጀመረ በደንብ ይሠራል። ቀኑ ቢያልፍም መሄድ አይቀርም፤ በተለይ ግንባር ላይ፣ አፍንጫ ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከወጣ። ያን ጊዜ ለነገ ማሳደር የለም፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስና ያልታወቀ ቅጠል መለጠፍ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ ልታደርጉ ትችላላችሁ ቢል አትቆጡ። በሽታው የሰውነት መከላከያ ሲደክም ስለሚነሳ ነው የሚጠይቀው፤ የያዘው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። ሽፍታው እስኪደርቅ ድረስ ጉድፍ ይዟቸው የማያውቅ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት፣ ቁስሉን ባይነኩ ይሻላል። ከቁስሉ ጉድፍ ሊይዛቸው ይችላልና።

«ታዲያ ጠዋት ስነሳ አንገቴ ላይ እንደ ጅራፍ ምት የተቃጠለው ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀች አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ አለች። ርዝመቷ 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ቀጭን ናት፤ ጉንዳን ትመስላለች፤ ሰውነቷ ብርቱካንማና ጥቁር ነው። በዝናብ ወራት ማታ ወደ መብራት ትመጣለች። አትነክስም። ነገር ግን ቆዳችን ላይ ስትጨፈለቅ ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ያቃጥላል። ቁስሉ ወዲያው አይታይም፤ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ ሰው ጥንዚዛዋን ይረሳና በማግሥቱ ያያትን ሸረሪት ይከሳል። አንገታችሁ ላይ ካረፈች አትምቷት፤ እፍ በሏት። ከተጨፈለቀች ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይናችሁን አትሹ።

ሸረሪቷ ጨርሶ አትነክስም አንልም። በእጅ ከተጨመቀች ወይም በልብስ ውስጥ ከተጠመደች ትነክሳለች። ንክሻዋ እንደ ንብ ይለበልባል፤ ያብጣል፤ ይድናል። ቦታውን በሳሙና አጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል። የተነከሰው ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ካስመለሰው ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ነካሹ ሌላ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ። ከእሷ ይልቅ ጊንጥ ያስፈራል።

ፍርሃቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በጣሊያን ደቡብ ታራንቶ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ይህችው የመሬት ሸረሪት ነከሰችኝ ብሎ ይወድቅ ነበር። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዘፋኝ ይጠራል፤ ከበሮ ይመታል፤ ታማሚው እስኪደክመው ይጨፍራል። እኛ አገር ለዛር እንደሚመታው ማለት ነው። በኋላ የዚያች ሸረሪት መርዝ ያን ያህል ሰውን እንደማይጎዳ ታወቀ። ጭፈራው ግን ቀረላቸው፤ እስከ ዛሬ በሠርግና በበዓል ይጫወቱታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ከትምህርት ጣቢያው አጠገብ ባለው የሽንብራ ማሳ ዳር እንገናኛለን። የማሳውን ባለቤት አስፈቅደናል። ባትሪ ያለው ባትሪውን ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ስንት ብልጭታ እንዳያችሁ፣ ከእነሱ ስንቱ እንቁላል እንደጎተተች፣ ስንቱ እንዳዘለች በደብተራችሁ በሦስት መስመር ጻፉ። «ሸ»ን አስተካክላችሁ ጻፏት፤ ከ«ሰ» ጋር አትደባልቋት። ሣሩ ውስጥ እባብ አይታጣምና ጫማ አድርጋችሁ ኑ።